የላሟ ባለቤት ማን ነው?



ይህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የናፍቆትና የትዝታ ጽሑፍ የሚወጣበት መሆኑን አውቃለሁ። እኔም ብዕር ያነሣሁት በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ስለ ደሴ ብርድና ስለ ጦሳ ተራራ መጻፌ አይቀርም ነበር። ዛሬ ግን የማጫውታችሁ ስለ ሮክ ሙዚቃ ነው። እባካችሁ አትሳቁ። «ከሒሳብ አስተማሪነት ወደ ታክሲ ነጂነት የተሻገረ ሰው ስለ ሮክ ምን ያውቃል?» ብትሉ እውነት አላችሁ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማውቀው ከልጄ ክፍል በር ሾልኮ የሚወጣውን ጩኸት ብቻ ነበር። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ጩኸቱ አይደለም፤ በእሱ ምክንያት በልጄ ላይ ልሠራው የነበረው ስሕተት ነው። የሰው ልጅ የሚማረው ከሰው ስሕተት ነውና፣ የእኔን ሰምታችሁ እናንተ ብትድኑበት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በ2011 የዲቪ ዕጣ ደርሶኝ ከባለቤቴና ከአምስት ዓመት ልጄ ጋር ቨርጂኒያ ገባሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጠመኔ የለመደ እጅ የመኪና መሪ ያዘ። እንደ ሁላችንም «እኔ ባልሆንበትም ልጄ ይሆንበታል» እያልኩ አደርኩ።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያው ጭር አለ፤ እኔም ቤት ዋልኩ። ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ60 ዶላር አንድ ጊታር ገዝቶ መጣ። መጀመሪያ ላይ «ጊዜውን ያሳልፍበት» አልኩ። ጊዜው አለፈ፤ ጊታሩ ግን አላለፈም። አሥራ ስድስት ሲሞላው ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ። አንዱ ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ፣ አንዷ ከቬትናም፣ አንዱ የዚሁ አገር ተወላጅ ናቸው። ቀጥሎ ደግሞ በጓደኛው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ማይክሮፎንና ኮምፒውተር አሰናድቶ የሌሎችን ባንዶች ሙዚቃ መቅረጽ ጀመረ። ፕሮዲዩሰር መሆን እፈልጋለሁ አለ።

በ2024 የፀደይ ወራት ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ሲል «የት ዩኒቨርሲቲ አመለከትክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ያመለከተው ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብቻ፣ ያውም ለግማሽ ቀን ትምህርት ነበር። ቀሪውን ጊዜ ለሙዚቃ! ያን ዕለት ከአፌ የወጣውን ቃል ዛሬም አልረሳውም። «ባሕር ተሻግረን የመጣነው አዝማሪ እንድትሆን ነው?» አልኩት። አዝማሪ ስንል ስድብ የሚመስለን እኛው፣ ሠርጋችንም ሆነ ምሽታችን ያለ እነሱ የማይደምቅልን እኛው ነን። ልጁ የቃሉን ክብደት በሙሉ የተረዳው አይመስለኝም፤ የፊቴን ግን ተረድቶታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት ጨመርኩለት። ይህን እንኳ ተርጉሜ አስረዳሁት።

በጥቅምት ወር ግን ነገሩ ተገለበጠ። በሌላ ስቴት ያለ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ የልጆቹን ሥራ ሰምቶ ውል ላከ። ሃያ አራት ገጽ ነው። እኔ ያየሁት ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ 12,000 ዶላር ቀብድ ይላል። አንባብያን፣ እውነቱን ልንገራችሁና በአንድ ሌሊት የሙዚቃ ወዳጅ ሆንኩ። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያው ተራ መጠበቂያ ላይ ቡና ይዘን ስንቆም ለጓደኞቼ አወራሁ። «ልጅህ ሊፈርም ነው አሉ» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ልጁ «አባዬ፣ አንፈርምም» አለኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ ስትል ኖረህ፣ ላሟ ከነጥጃዋ ደጃፍህ ስትመጣ በሩን ትዘጋባታለህ?» አልኩት።

«ላሟ የማን እንደሆነች አላነበብክም» አለኝ።

ያ መልስ አናደደኝ። የተማርኩት እኔ፣ ያስተማርኩት እኔ፣ አላነበብክም የሚለኝ እሱ! ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ልጁ ጊታሩን ይዞ ወደ ጓደኛው ምድር ቤት ሄደና ሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ። እናቱ በየማታው ምግብ በሳሕን አሽጋ ትልክለታለች፤ እኔን ደግሞ አታናግረኝም።

በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት በዋሽንግተን 14ኛው ጎዳና ላይ፣ ብላክ ካት ከተባለው የሙዚቃ ቤት ደጃፍ አንድ ተሳፋሪ ጫንኩ። ሽበታም ፈረንጅ ነው፤ ዕድሜው ወደ ስድሳ ይጠጋል። የጊታር ሣጥንና ከባድ የድምፅ ማጉያ ይዟል። አንሥቼ ላግዘው ስል «የእኔን ወገብ ለምዶታል፣ ያንተን አይስበር» ብሎ አሳቀኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ድልድዩን ስንሻገር ልቤ ሞልቶ ነበርና ለማላውቀው ሰው የልጄን ነገር ዘረገፍኩለት።

ሰውዬው ዝም ብሎ ሰማኝ። ሸርሊንግተን ስንደርስ «በዚህ መውጫ ውጣ፣ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ» አለኝና ወደ ኦክላንድ ጎዳና ወሰደኝ። «እዚህ ኢነር ኢር የሚባል ስቱዲዮ ነበር፤ ካውንቲው ቦታውን ገዝቶት በ2021 ተዘጋ» አለኝ። ስቱዲዮው የዶን ዚየንታራ ነው። ሥራውን የጀመረው እዚሁ አርሊንግተን፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ በማይረባ መሣሪያ ነበር። ከዚያ የተቀረጹት ሙዚቃዎች ግን በዓለም ተሰምተዋል። እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ከዚያም ስለ ኢያን ማኬይ አጫወተኝ። በ1980 ማኬይና ጓደኞቹ፣ ገና ትምህርት ቤት የጨረሱ ልጆች፣ ቲን አይድልስ የሚባል ባንድ ነበራቸው። ባንዱ ሲበተን ከትርዒቱ የተገኘውን ገንዘብ እንደመካፈል አንድ ሸክላ አሳተሙበት። የሸክላውን ልባስ በመቀስ እየቆረጡ፣ በእጃቸው እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ አዘጋጁት። ዲስኮርድ የተባለው አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው። መኖሪያቸው አርሊንግተን ያለ ተራ የኪራይ ቤት ነበር። ማኬይና ጓደኛው ሄንሪ ሮሊንስ በዚያን ዘመን ጆርጅታውን ውስጥ አይስክሬም ይሸጡ ነበር። ልጄ ከሙዚቃው ጎን ሌላ ሥራ መያዙን እንደ ውድቀት ለቆጠርኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ።

ማኬይ በ1987 ፉጋዚ በሚባል ባንድ ከባልደረቦቹ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። እስከ 2002 ድረስ ከአንድ ሺህ በላይ ትርዒት አሳዩ። የመግቢያ ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዶላር ነበር። በዕድሜ ምክንያት ማንም ልጅ ከበር እንዳይመለስ ይጠነቀቁ ነበር። ታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ይዘው ቢመጡ አልተቀበሉም። ዲስኮርድ የሚያሳትመው የዋሽንግተንና የአካባቢዋን ባንዶች ብቻ ሲሆን፣ ከወጪ የቀረውን ትርፍ ከባንዶቹ ጋር ይካፈላል። ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

«ዕፁስ? መጠጡስ?» አልኩት። የሁላችንም ፍርሃት ይኸው አይደል? ሰውዬው ሳቀ። ማኬይ ከፉጋዚ በፊት ማይነር ስሬት በተባለው ባንዱ በ1981 ያወጣው አንድ ዘፈን መጠጥም ዕፅም ሲጋራም አንነካም ለሚሉ ወጣቶች በዓለም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። «ስትሬት ኤጅ» ይባላሉ። እኔ ልጄን ከሮክ የማሸሸው ከዕፅ ላድነው ብዬ ነበር፤ የእኛው ሰፈር ሮክ ግን ከዕፅ የሚሸሹትን ልጆች ስም ያወጣላቸው ሆኖ ተገኘ።

የእኛው ሰፈር ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እንጀራና በርበሬ የምንገዛበትን ቤይሊስ ክሮስሮድስን የማያውቅ የቨርጂኒያ አበሻ የለም። ስክሪም የተባለው የዲስኮርድ ባንድ የበቀለው ከዚያው ነው። በኋላ በ1990 ኒርቫና የተባለውን ዝነኛ ባንድ የተቀላቀለው ዴቭ ግሮል ከዚያ በፊት ድራም ይመታ የነበረው ለስክሪም ነበር። እሱም ያደገው ስፕሪንግፊልድ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው።

ሰውዬው ሲወርድ አንድ ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠኝና «አስተማሪ ነበርኩ ብለሃል፤ ሒሳቡን ሥራ» አለኝ። ስሙ ስቲቭ አልቢኒ ይላል።

አልቢኒ በ2024 ግንቦት፣ በስድሳ አንድ ዓመቱ ያረፈ የቺካጎ ሙዚቀኛና የቀረጻ ባለሙያ ነው። በ1993 ባፍለር በተባለ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። አንድ አራት አባላት ያሉት ባንድ ከትልቅ ኩባንያ 250,000 ዶላር ቀብድ ቢቀበል፣ 250,000 ቅጂም ቢሸጥለት፣ መጨረሻ ላይ ለእያንዳንዱ አባል ስንት ይደርሰዋል ብሎ በመስመር በመስመር አስልቷል። መልሱ 4,031 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ኩባንያው 710,000 ዶላር ያገኛል። ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ አጥንት የሚሰብር ምሳሌ አልገጠመኝም።

ሌሊቱን የልጄን ውል አወጣሁና በጀርባው ላይ ሒሳቡን ጀመርኩ። አንባብያን፣ አብራችሁኝ ሥሩ። ቀብዱ 12,000 ነው። በገጽ ዘጠኝ ላይ ኩባንያው በመረጠው ስቱዲዮ ለሚደረገው ቀረጻ 18,000፣ ለቪዲዮ 6,000 ይላል። ሦስቱም «ተመላሽ» ናቸው፤ ድምሩ 36,000። ቀብድ ስጦታ አይደለም ማለት ነው፤ ብድር ነው። የልጆቹ ድርሻ ደግሞ ከገቢው በመቶ 15 ነው። ዕዳው የሚከፈለውም ከዚያች ከ15ቷ ብቻ ነው። እንግዲህ 36,000 ለ0.15 ሲካፈል 240,000 ይሆናል። ሙዚቃው 240,000 ዶላር እስኪያስገባ ድረስ ልጆቹ ከ12,000ው ሌላ ሳንቲም አያዩም። ኩባንያው ግን ያወጣውን የሚመልሰው ገና 36,000 ሲገባ ነው።

በዛሬው የኢንተርኔት ማዳመጫ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ ሲደመጥ ለባለመብቱ በግምት ከሦስት እስከ አምስት አሥረኛ ሳንቲም ይከፈላል። አማካዩን አራት አሥረኛ እንያዝ። 240,000 ዶላር ለማግኘት 60 ሚሊዮን ጊዜ መደመጥ አለበት። በሌላ በኩል ልጆቹ ራሳቸው አንድ አልበም ባንድካምፕ በተባለው መሸጫ በ10 ዶላር ቢሸጡ፣ መሸጫው በመቶ 15 ይወስድና፣ ከክፍያ ማስተላለፊያ ወጪ በፊት 8 ዶላር ከ50 ይቀራቸዋል። ያንኑ 12,000 ዶላር ለማግኘት ወደ 1,400 የሚሆን ገዢ ይበቃቸዋል። 1,400 ሰው ቀላል አይደለም። ግን ከ60 ሚሊዮን ጋር ሲተያይ ሰው በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት ቁጥር ነው።

ገጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ዋናው ቅጂ፣ ማለትም ማስተሩ፣ የሦስት አልበም ያህል፣ ለዘለዓለም የኩባንያው ንብረት ይሆናል ይላል። ዕዳው ቢከፈልም አይመለስም።

አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። በወሎ ገጠር በሰው መሬት እያረሱ፣ ከሚያፍሱት እኩሌታውን ለባለርስቱ እየሰጡ ኖሩ። ልጅ ሆኜ ይህን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። በ1975 አዋጁ ወጥቶ መሬቱ ላራሹ ሲሆን ሽማግሌው አፈሩን ዘግነው አለቀሱ ይባላል። የእኚያ ሰው የልጅ ልጅ የሆንኩት እኔ፣ አንድያ ልጄን ከመቶ 85ቱን አስረክቦ በ15 የሚያድር ጭሰኛ እንዲሆን «ፈርም!» ብዬ ጮኼበታለሁ። አያቴ እንኳ እኩሌታው ነበራቸው።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ ነገሩን ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔ ነው። አሜሪካ እንደመጣሁ ሁለት ዓመት ሙሉ በኪራይ ታክሲ ሠርቻለሁ። ሠራሁም አልሠራሁም በሳምንቱ መጨረሻ ኪራዩ ይከፈላል። ታምሜ የተኛሁበትን ሳምንት እንኳ ከፍያለሁ። የራሴን መኪና የገዛሁ ቀን ገቢዬ ወዲያው አልጨመረም፤ እንዲያውም የጥገናው ወጪ እኔው ላይ ወደቀ። ሆኖም ያን ዕለት ማታ በሰላም ተኛሁ። ለምን? ድካሜ የሚጠራቀምበት ዕቃ አገኘኋ!

ይህ የባለቤትነት ነገር ለእኛም ሙዚቃ አዲስ አይደለም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ ደፍሮ በግሉ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። በኋላ ተሰድዶ እዚሁ ዋሽንግተን ኖረ፤ ምግብ ቤትም ከፈተ። በ2021 አረፈ። በ1997 ፓሪስ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» የተባሉት አልበሞች መውጣት ሲጀምሩ ዓለም የሰማው ከእነዚያ ሸክላዎች ነው። ባለቤት ያለው ሥራ ከብዙ ዓመት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል።

የታክሲ ጓዶቼማ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ሳታውቁት አትቀሩም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች በ1981 ከባንዱ ጋር ለትርዒት መጥቶ እዚሁ ቀረ። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ አስቀምጦ፣ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው ካሴት በ2013 እንደገና ታተመለት፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አውጥቶ በየአገሩ መድረክ ላይ ተጫወተ። እኔ በዚያው ሜዳ ላይ ሰው ልጄን እንዲያደንቅልኝ ሳወራ፣ ሰው የራሱን ሙያ በጸጥታ ሲጠብቅ የኖረው እዚያው ነው።

በማግስቱ ወደዚያ ምድር ቤት ሄድኩ። ልጄ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ አሮጌ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። አንደኛው የእኛ ቤት ጋቢ ነበር። ውሉን፣ በጀርባው ላይ ካለው ሒሳብ ጋር፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ረጅም ጊዜ አየው።

«60 ሚሊዮን?» አለ።

«60 ሚሊዮን» አልኩ። «ይቅርታ ልጄ። ላሟን አይቼ ገመዱን የያዘውን ሳላይ ቀረሁ። ያ ቃል ደግሞ... አዝማሪ ያልኩህ... እሱንም ይቅር በለኝ።»

«ትርጉሙን ጓደኛዬን ጠይቄ ነበር» አለኝ። «ዘፈን በቃሉ ፈጥሮ፣ መሰንቆውን ራሱ ሠርቶ፣ ያለ ኩባንያ የሚሠራ ሙዚቀኛ ማለት ነው አለኝ። ስድብ መሆኑ አልገባኝም።»

ምን እላለሁ? ተቀምጬ የሚሠራውን አዳመጥኩ። ሙዚቃው ዛሬም ለጆሮዬ ይከብደኛል። ነገር ግን አንዱን ድምፅ ከሌላው እየለየ፣ ድራሙን ዝቅ፣ ድምፃዊቷን ከፍ ሲያደርግ ሳይ፣ የተማሪዬን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የነበረኝ ትዕግሥት እሱ ላይ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ እኔ የሒሳብ ሹም ሆኛለሁ። የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ላሞች አሉ። አንደኛዋ ድርሰቱ ናት፤ ግጥምና ዜማው። ሁለተኛዋ የተቀረጸው ድምፅ፣ ማስተሩ ነው። አንዷን ይዞ ሌላዋን መልቀቅ ይቻላልና መጀመሪያ የትኛዋን እንደምትሰጡ እወቁ። ድርሰቱ በአደባባይና በሬዲዮ ሲሰማ የሚሰበስቡ ማኅበራት አሉ፤ አስካፕ ከ1914፣ ቢ.ኤም.አይ. ከ1939 ጀምሮ። ለኢንተርኔት ማዳመጫ የድርሰቱን ክፍያ የሚሰበስበው መካኒካል ላይሰንሲንግ ኮሌክቲቭ በ2021 ሥራ ጀምሯል። ለዲጂታል ሬዲዮ ደግሞ ሳውንድ ኤክስቼንጅ አለ፤ ከሚሰበስበው ግማሹ ለማስተሩ ባለቤት፣ በመቶ 45 ለዋና ተጫዋቾቹ፣ 5 ለአጃቢዎች ይሄዳል። ማስተሩ የራስ ከሆነ እንግዲህ ከመቶ 95ቱ አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግን ካልተመዘገቡ አይመጣም። ልጆቹ አልተመዘገቡም ነበር፤ ሁለት ማታ ተቀምጠን መዘገብናቸው።

ሁለተኛ፣ ዘፈኑ ባለቀበት ቀን ማን ስንት በመቶ እንዳለው በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈራረማሉ። ልጆቹ «እኛ እንተማመናለን» አሉኝ። ዲስኮርድ ከባንዶቹ ጋር ያለ ጽሑፍ ውል፣ በመተማመን እንደሚሠራም ነገሩኝ። «እነሱ አርባ ዓመት ያስመሰከሩ ናቸው፤ እናንተ ገና ሁለት ዓመታችሁ ነው። በዕቁብ እንኳ ጸሐፊ አለ» አልኳቸው።

ሦስተኛ፣ ልጄ የሌላ ባንድ ሙዚቃ ሲቀርጽ የሚከፈለው በቀን ሒሳብ ነው። ይህ የአልቢኒ መንገድ ነው። በ1993 የኒርቫናን አልበም ሲቀርጽ ለፕሮዲዩሰር የተለመደውን የሽያጭ ድርሻ አልቀበልም ብሎ፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ለሥራዬ ብቻ ክፈሉኝ ብሏል። በ1997 በቺካጎ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ ስመ ጥሩዎችንም ማንም የማያውቃቸውንም በዚሁ መንገድ አስተናገደ። ልጄም ግማሹን በቀብድ ይቀበላል፤ ሥራው ሲያልቅ ቅጂውን በሙሉ ለባለቤቶቹ ያስረክባል። የእሱን ላም እንዳይወስዱበት የሚፈልግ ሰው የሌላውን ላም አያስርም።

አሁን «ታዲያ ስንት ያገኛል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው። ባለፈው ዓመት ልጄ ከሙዚቃ ያስገባው 9,300 ዶላር ነው። ከቀረጻ 4,800፣ በሙዚቃ ቤቶችና በየአዳራሹ ድምፅ በማስተካከል 2,600፣ ከባንዱ ትርዒት ድርሻው 1,300፣ ከአልበም ሽያጭ 540፣ ከኢንተርኔት ማዳመጫ 60። አዎን፣ ስልሳ ዶላር፤ ጊታሩ የተገዛበት። ለማይክሮፎን፣ ለነዳጅና ለኪራይ የወጣው 3,100 ሲቀነስ 6,200 ይቀራል። በዚህ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ኮሌጁን በግማሽ ቀን ቀጥሏል፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ድምፅ ያስተካክላል፤ የሚኖረውም እኛ ዘንድ ነው። ከ2024 ጀምሮ ዋናው የኢንተርኔት ማዳመጫ ኩባንያ በዓመት አንድ ሺህ ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም እንደማይከፍልም ልንገራችሁ። ልጆቻችሁን ከማበረታታችሁ በፊት ይህንንም ማወቅ አለባችሁ።

ስለዚህ ሁሉም ልጅ ሙዚቀኛ ይሁን አልልም። ሌሊት መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን አሁንም እሰጋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ምን ይሆን? ቤት ይኖረው ይሆን? ይህ ሥጋት አልለቀቀኝም፤ የሚለቀኝም አይመስለኝም። የተለወጠው ጥያቄዬ ነው። ድሮ «ዝነኛ ትሆናለህ ወይ?» እለው ነበር። ይህን ሊመልስ የሚችል ሰው የለም። አሁን በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ዘርግተን «በዚህ ወር የሠራኸው የማን ነው?» እለዋለሁ። እስከ አሁን «የእኔ ነው» ብሎ መልሶልኛል።

ባለፈው ሳምንት ባንዱ በአንድ የቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ተጫወተ፤ መግቢያው አምስት ዶላር። በር ላይ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ጠፍቶ እኔ ተቀመጥኩ። ስድሳ ሦስት ሰው ገባ፤ 315 ዶላር። ባለቤቴ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ከፊት መደዳ ተቀመጠች። ልጄ ከመድረክ ወርዶ «ስንት ሆነ?» አለኝ። ቆጥሬ ሰጠሁት። መልሶ ቆጠረው። የአባቱን ሒሳብ እንኳ ደግሞ የሚቆጥር ልጅ በማሳደጌ ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ቸር ያሰንብተን።